ጥቆማ፦ የከፍታ ገደብ ወዳለባቸው ፓርኪንጎች የሚገባ ካምፐርቫን

መንገደኛዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ለሁለት ሰው የሚሆን ካምፐርቫን ለመግዛት እየተዘጋጀን ነው። መኪናው ቅዳሜና እሁድ ማደሪያችን፣ በሥራ ቀናት ደግሞ የዘወትር መጓጓዣችን ስለሚሆን፣ ባለ ፎቅና የምድር ቤት ፓርኪንጎች ውስጥ መግባት መቻሉ ለእኛ ከአልጋው ስፋት የማያንስ ጉዳይ ነው። በምንጠቀምባቸው ማቆሚያዎች መግቢያ ላይ የተለጠፈው ገደብ ከ2.0 እስከ 2.1 ሜትር ነው። እስካሁን ያሰብንባቸው ሦስት ናቸው፤ ጣሪያው የሚነሳው ቮልስዋገን ካሊፎርኒያ፣ እንደዚያው ጣሪያው የሚነሳው መርሴዲስ ማርኮ ፖሎ፣ እንዲሁም ከፍ ያለ ቋሚ ጣሪያ ያለውና በፊያት ዱካቶ ላይ የተሠራ ቫን። የነዳችኋቸው ሰዎች የትኛውን ትመክሩናላችሁ? የመኪናን ቁመት ከግምት የሚያስገባ የመንገድ መሪ መሣሪያ ወይም የስልክ መተግበሪያ ካለም ብትጠቁሙን ውለታችሁ ትልቅ ነው።

ባለ ካሊፎርኒያ፦
እህቴ፣ ብዙ አትድከሚ፤ ካሊፎርኒያ ግዢ። ቲ6.1 የሚባለው ሞዴል ጣሪያው ሲዘጋ ቁመቱ 1.99 ሜትር ስለሆነ 2 ሜትር በተጻፈበት ሁሉ ይገባል። እኔ ለዓመታት ነድቼዋለሁ፤ አንድም አግዳሚ ብረት ነክቶት አያውቅም። ማርኮ ፖሎ 1.98 ሜትር ነው ብለው የሚከራከሩ ይመጣሉ፤ ለአንድ ሳንቲሜትር ብሎ ካሊፎርኒያን የሚተው ሰው ግን መኪናውን በቅጡ አላየውም እላለሁ።

ቁመተ ረጅም፦
እኔ የምመክራችሁ ዱካቶውን ነው። መካከለኛ ጣሪያ ያለው፣ ላዩ ላይ ምንም ሳይገጠምበት፣ ቁመቱ 2.52 ሜትር ነው፤ ከፍተኛው ደግሞ 2.76 ሜትር ይደርሳል፤ ስለዚህ ወደ ባለ ፎቅ ፓርኪንግ መግባቱን እርሱት። ነገር ግን ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት ጎንበስ ሳይሉ ሱሪ መልበስ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ረጅም ሰው ነው። ለመሆኑ ቁመታችሁ ስንት ነው? መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሱ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ ጥቂት በእግር ብትሄዱ ምን ትጎዳላችሁ?

የተከራየው፦
የትኛውንም ከመግዛታችሁ በፊት የእኔን ስሙ። ጣሪያው የሚነሳ ካምፐርቫን ከአንድ አከራይ ወስጄ ነበር። መሪው አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ «ቁመት 2.05 ሜትር» የሚል ተጽፏል። የምድር ቤቱ ፓርኪንግ ገደብ 2.1 ስለነበር በእርጋታ ገባሁ፤ መግቢያው ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለውን ብረት አልፌው ስሄድ ድምፅ እንኳ አልተሰማም። ቁልቁለቱ አልቆ መሬቱ መስተካከል በሚጀምርበት ቦታ ላይ ግን ከላይ እንደ ጥይት የጮኸ ነገር ሰማሁ። የጣሪያው ማናፈሻ ክዳን ከኮንክሪቱ አግዳሚ ጋር ተጋጭቶ ተሰነጠቀ፤ ስብርባሪውም በመስታወቱ ላይ ወረደ። ከኋላዬ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ አንድ በአንድ ወደ ኋላ እስኪወጡልኝ ድረስ እዚያው ታግቼ ቆየሁ። መኪናውን ስመልስ የአከራዩ ሠራተኛ ውሉን ገልጦ፣ ኢንሹራንሱ በጣሪያ ላይ የሚደርስ ጉዳትን እንደማይሸፍን የሚገልጸውን አንቀጽ አሳየኝ። መያዣ ያስያዝኩት ገንዘብም በዚያው ቀረ። ከወረቀቱ ላይ ያነበብኩትን ቁጥር አምኜ መግባቴ ነው ጥፋት የተባለው።

ቀጥተኛው፦
ወንድሜ፣ የከፍታ ምልክት እኮ ክብ፣ ዙሪያው ቀይ፣ ከላይና ከታች ጥቁር ቀስት ያለበት ሆኖ ፊት ለፊት የሚሰቀለው ለጌጥ አይደለም። አከራዩ ከኋላህ እየሮጠ ጣሪያህን ዝቅ አድርጎ እንዲይዝልህ ጠብቀህ ነበር?

የተከራየው፦
ምልክቱን አንብቤያለሁ ብዬ ጽፌያለሁ። ከ2.1 ላይ 2.05 ሲቀነስ አምስት ሳንቲሜትር ይተርፋል። ታዲያ እንዴት ነካ?

ሌላዋ ተከራይ፦
እኔም ላይ ከጥቂት ልዩነት በስተቀር ይኸው ነው የደረሰው፤ ስለዚህ ሰውየውን አትውቀሱት። ብዙ የኪራይ ውሎች የጣሪያና የሻንሲ ጉዳትን ከኢንሹራንሱ ሽፋን ውጭ ያደርጋሉ። የምትከራዩ ሰዎች ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይህን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊትም ጣሪያውን ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ።

ድልድይ ተመልካች፦
ከፓርኪንጉ ይልቅ የሚያስፈራው ድልድይ ነው። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና፣ ደርሃም ከተማ የሚገኘው የባቡር ድልድይ ከሥሩ ያለው ክፍተት 11 ጫማ ከ8 ኢንች፣ ማለትም 3.56 ሜትር ያህል ስለነበር የስንቱን የጭነት መኪና ጣሪያ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ገፍፎታል። በ2019 ወደ 12 ጫማ ከ4 ኢንች ከፍ ተደርጎም እንኳ የሚመቱት አልጠፉም። ማስጠንቀቂያው የሚያብለጨልጭ መብራት ሳይቀር አለው። በጫማና በኢንች በሚጻፍበት አገር የምትነዱ ከሆነ የመኪናችሁን ቁመት በሁለቱም ልኬት ያዙት፤ 6 ጫማ ከ8 ኢንች 2.03 ሜትር ነው፤ ስድስት ነጥብ ስምንት ጫማ ብሎ ያሰበ ሰው ግን 2.07 ሜትር ላይ ይደርሳል፤ አራቷ ሳንቲሜትር ደግሞ ጣሪያ ለመላጥ ትበቃለች።

መንገደኛዋ፦
ስለ ድልድዩ አመሰግናለሁ፤ የተከራየው ወንድማችን የደረሰበትም አሳዝኖናል። እኛ ግን የምንገዛው እንጂ የምንከራየው መኪና የለም። ጥያቄያችን ከሦስቱ የትኛው ይሻላል የሚል ነበር።

ጋራዥ ሰፈር፦
እህቴ፣ የተከራየው ሰው ጥያቄ መልስ ካገኘ የአንቺም አብሮ ስለሚመለስ ትንሽ ታገሺኝ። ሁለት ነገሮች ተደራርበውበታል ብዬ እገምታለሁ። የመጀመሪያው የወረቀቱ ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ከፋብሪካ የወጣው ልክ ሲሆን በኋላ የተገጠመው ማናፈሻ፣ አንቴና፣ የሶላር ፓነል ወይም ፖርቶመጋላ አይደመርበትም። ሁለተኛው፣ ብዙዎች የማያስተውሉት፣ የቁልቁለቱ ነገር ነው። የፊት ጎማ ደልዳላው ላይ ደርሶ የኋላ ጎማ ገና ቁልቁለቱ ላይ ሲሆን መኪናው በጎድጓዳው ላይ እንደ ድልድይ ይጋደማል፤ ወገቡም ከወለሉ ይርቃል፤ ጣሪያውም በዚያው መጠን ወደ ኮንክሪቱ ይጠጋል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር ከሆነና ቁልቁለቱ በመቶ 15 ከሆነ፣ መጋጠሚያው በትንሽ ተዳፋት ካልለዘበ በስተቀር ወገቡ ላይ እስከ 11 ሳንቲሜትር ይጨምራል። የካሊፎርኒያ ቲ6.1 ርቀት 3 ሜትር ነው። በረጅሙ ዱካቶ ርቀቱ 4.03 ሜትር ስለሆነ ጭማሪው ወደ 15 ሳንቲሜትር ይጠጋል። እንግዲህ መግቢያው ላይ ያለውን ብረት ሳይነኩ ማለፍ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያልፋሉ ማለት አይደለም፤ የውሃ ቧንቧው፣ የእሳት ማጥፊያው መርጫና መብራቱም የት እንደተንጠለጠሉ ማየት ያስፈልጋል።

አለካኩ ቀላል ነው። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙ። ጣሪያው ላይ ከሁሉም ከፍ ያለው ነገር ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ አጋድማችሁ ከጎን እንዲወጣ አድርጉ፤ ውሃ ልክ ደግፋችሁ ጣውላው መስተካከሉን ካያችሁ በኋላ ከጣውላው የታችኛው ጠርዝ እስከ መሬት በሜትር ለኩ። ልኬቱን የውሃ ታንኩ ባዶ ሆኖ፣ ዕቃም ሳይጫን ውሰዱት፤ መኪናው ሲቀል በባሌስትራው ላይ ጥቂት ሳንቲሜትር ከፍ ይላልና። ስትገቡ ጭነት ነበራችሁ፣ ስትወጡ ግን አራግፋችሁ ከሆነ በገባችሁበት መውጣት ላይሆንላችሁ ይችላል።

ነፋስ ቀናሽ፦
ጭንቅ ሲመጣ የጎማ ንፋስ መቀነስ ነው። ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል።

ጋራዥ ሰፈር፦
ከተጣበቃችሁ በኋላ ለመውጣት ያህል፣ በእግር ፍጥነት፣ ጥቂት ሜትሮችን ለመሄድ ከሆነ አልቃወምም። ለመግባት ብላችሁ ግን አታድርጉት። የተነፈሰ ጎማ ጎኑ ይታጠፋል፤ ይሞቃል፤ ከዚያ በኋላ በፍጥነት መንገድ ላይ ቢፈነዳ ምክንያቱን የሚያስታውሰው ሰው አይኖርም። ደግሞስ ንፋስ መሙያ ከሌላችሁ በምን ትወጣላችሁ?

ባለ ካሊፎርኒያ፦
የስሌቱን ነገር አከብራለሁ፤ ግን የእኔ ካሊፎርኒያ 2 ሜትር በተጻፈበት ሲገባ ኖሯል። ቁጥር ሌላ፣ መንዳት ሌላ።

ጋራዥ ሰፈር፦
ወንድሜ፣ የገባህባቸው ቁልቁለቶች የለዘቡ ይሆናሉ፤ ወይም ጣሪያቸው ከተጻፈው ከፍ ይላል። ለአንተ እሰየው። ለማያውቀው ፓርኪንግ አንድ ሳንቲሜትር ትርፍ ይዞ ግባ ብዬ ሰው መምከር ግን አልችልም።

ካርታ አዋቂ፦
ስለ መንገድ መሪው የመለሰ ሰው ስለሌለ እኔ ልሞክር። ተራ የስልክ ካርታ የመኪናችሁን ቁመት አይጠይቃችሁም፤ ስለዚህ ለትንሽ መኪና የሚሆነውን መንገድ ይሰጣችኋል። የጋርሚን «ካምፐር» መሣሪያዎች ቁመት፣ ስፋት፣ ርዝመትና ክብደት አስገብታችሁ በዚያ መሠረት ይመራሉ። ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ኦስማንድ የተባለው የስልክ መተግበሪያም ቁመት ይቀበላል፤ ካርታው ከኦፕንስትሪትማፕ የሚመጣ ሲሆን እዚያ ላይ የከፍታ ገደብና አግዳሚ ብረት ራሱን የቻለ ምልክት አላቸው። ሁለቱም ግን የሚበረቱት በመንገድና በድልድይ ላይ ነው። የአንድ ፓርኪንግ መግቢያ ካልተመዘገበ አያውቁትም። ለዚያ የሚሻለው ፓርክፎርናይት ነው፤ ተጠቃሚዎቹ ቦታውን ፎቶ አንስተው አግዳሚ ብረት ካለው ይጽፋሉ። የአስተያየቱን ቀን ማየት አትርሱ፤ ብረት ትናንት ተተክሎ ሊሆን ይችላል።

ቁመተ ረጅም፦
ዱካቶ ብትገዙ ኖሮ ይህ ሁሉ ፍለጋ ባላስፈለገ፤ አይገባም፣ አለቀ።

መንገደኛዋ፦
ካርታ አዋቂ እና ጋራዥ ሰፈር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ባለቤቴ ሜትርና ውሃ ልክ ይዘን ወደ ሻጩ እንድንሄድ ወስኗል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቅር በሉኝና ልጨምር። ያየነው ማርኮ ፖሎ ላይ ፖርቶመጋላ ተገጥሞበታል፤ ሻጩ ቁመቱን ሲነግረን 1.98 ነው ያለን። ይህ ብረቱን ይጨምራል?

ጋራዥ ሰፈር፦
አይጨምርም። 1.98 የፋብሪካው ልክ ነው። ብረቱ የሚፈታ ከሆነ ሻጩ ፊታችሁ ፈትቶ ያሳያችሁ፤ ብሎኑ ከዛገ ሲፈታ ጣሪያውን እንዳያበላሸው ተጠንቀቁ። የሚነሳውን ጣሪያም ከፍታችሁ ዝጉት። ሲዘጋ አንድ በር ወይም መስኮት ክፍት ይሁን፤ አየሩ መውጫ ካጣ የሚነሳውን ጣሪያ ዙሪያ የሚሸፍነውን ሸራ ወደ ውጭ ይነፋዋል፤ በተለይ ከኋላ በኩል ሸራው በጣሪያውና በቀፎው መካከል ከተነከሰ መቆለፊያው የያዘ መስሎ ጣሪያው ከልኩ ከፍ ብሎ ይቀራል። የምትለኩት ይህን ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው። ያገኛችሁትን ቁጥር ጽፋችሁ በሾፌሩ በኩል ባለው የፀሐይ መከላከያ ላይ ለጥፉት።

የተከራየው፦
ለእኔ የነገረኝ አልነበረም እንጂ፣ ሸራው በአንድ በኩል ወጣ ብሎ ይታይ ነበር። አከራዩ ይህን ማሳየት አልነበረበትም?

ባለ ካሊፎርኒያ፦
እህቴ፣ ሻጩ ጋ ስትሄዱ ካሊፎርኒያውንም ሳትለኩ እንዳትመለሱ።