የመንገድ ዳር ቦይ በቅጠል እየተደፈነ ነው፤ ከየት ተጀምሮ እንዴት ይጠረግ?

ግቢ_ጠባቂ (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ከአጥራችን ውጭ በጠጠር መንገዱ ዳር 120 ሜትር የሚሆን የአፈር ቦይ አለ። ከላይ 1.20 ሜትር፣ ከታች 60 ሴ.ሜ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ 50 ሴ.ሜ ገደማ ነው። መኪና መግቢያው ሥር 40 ሴ.ሜ ስፋትና 6 ሜትር ርዝመት ያለው የሲሚንቶ ቱቦ ተቀብሯል። ከላይ ባሕር ዛፍ ስላለ ቅጠሉም ቅርፊቱም ቦዩ ውስጥ ይረግፋል፤ አሁን ወለሉን 20 ሴ.ሜ ያህል ሞልቶታል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከቱቦው በላይ 15 ሜትር ያህል ላይ ውኃ ይተኛል፣ አራት አምስት ቀን ሳይሄድ ይቆያል።

ከየት ነው የሚጀመረው? እስከ አፈሩ ይቧጠጥ ወይስ ቅጠሉ ብቻ ይነሣ? የወጣውስ የት ይደፋ? ቱቦው አፍ ላይ የዶሮ ሽቦ ብንወጥርበትስ?

ዶማና_አካፋ

ከታች ይጀምሩ፤ ውኃው ከቦዩ ከሚወጣበት ጫፍ። ከላይ ከጀመሩ እየነቀነቁ ያላሉት ሁሉ ተንሸራትቶ ቱቦው አፍ ላይ ይከመራል። ከታች ወደ ላይ ሲሄዱ ግን የተኛው ውኃ ከፊትዎ እየሸሸ ስለሚወርድ የሚቀጥለውን ክፍል የሚሠሩት በደረቁ ነው። ቱቦው ጋ ሲደርሱ እሱን ሳይከፍቱ ወደ ላይኛው አይለፉ።

አካፋ ለቅጠል አይሆንም። የረጠበ ቅጠል ተነባብሮ እንደ ምንጣፍ ይያያዛል፤ አካፋ ላዩን እየቆረጠ ይንሸራተታል፣ መንሽ ግን ከሥሩ ገብቶ ብድግ ያደርገዋል። ስለዚህ መንሽ፣ ጥርሰ ሰፊ ሬክ፣ 2 በ 3 ሜትር ሸራ፣ ወፍራም ጓንትና ቦቲ ጫማ ይያዙ። ሸራውን በግቢው በኩል ባለው ዳር ዘርግተው ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚሆነውን ወደ ራስዎ እየሳቡ ይሙሉት፣ ከዚያ ጎትተው ይውሰዱት።

ሥራውን አይናቁት። 120 ሜትር በ60 ሴ.ሜ በ20 ሴ.ሜ ሲሰላ 14 ሜትር ኩብ ይሆናል። 90 ሊትር በሚይዝ የእጅ ጋሪ ቢጋዝ 160 ምልልስ ነው። ሸራው ግማሹን ያቃልላል፣ ቢሆንም በአንድ ቀን ለመጨረስ አያስቡ። ዝናብ ከጣለ ሁለት ሦስት ቀን በኋላ ቢሠሩት ጥሩ ነው፤ ቅጠሉ ጠፍፎ ይቀላል፣ እንደ ደረቅ ቅጠልም ነፋስ አይበትነውም።

ነፊ ማሽን የሚመክር ሰው አይጠፋም። ማሽኑ የሚሠራው ለደረቅ ቅጠል ብቻ ነው፤ ያነሣውንም መልሶ መንገድ ላይ ነው የሚጥለው።

ሣር_ይሻላል

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የሚጨመረው ግን ከዚያ የሚበልጥ ነው። ቅጠሉን ያንሡ፣ ሣሩን ይተዉት። ቦይ የሚበላሸው በቅጠል ብቻ አይደለም፤ «አጽድቼው» ተብሎ እስከ ቀይ አፈር ሲላጭም ነው። ሥሩ የተነቀለ ወለል በመጀመሪያው ጎርፍ ይታጠብና አፈሩ ሄዶ ቱቦው ውስጥ ይተኛል። ከዚያ በዓመቱ ደለል ይዛቃል፣ ወለሉ ይጎደጉዳል፣ የመንገዱ ጠርዝ ይናዳል። ሣሩን በማጭድ ከ8 እስከ 10 ሴ.ሜ አስቀርተው ይከርክሙት። ቁጥቋጦና የዛፍ ችግኝ ከበቀለ ግን ጣት ሳያክል ይነቀል።

የጎን ግድግዳውን በዶማ አቁመው አይቁረጡት። 50 ሴ.ሜ ጥልቀት ላለው ቦይ ጎኑ ወደ ውጭ ቢያንስ 1 ሜትር ቢተኛ ይጸናል። የእርስዎ ግን በየጎኑ 30 ሴ.ሜ ብቻ ነው የተኛው፤ ይህ ለአፈር ቦይ ቀጥ ያለ ነው። በተለይ በመንገዱ በኩል ያለውን እግሩን አይንኩት።

ውኃው ለምን እንደሚተኛ ደግሞ በግምት አይወሰንም። በ10 ሚሊ ሜትር ብረት ቱቦው አፍ ላይ ሲሚንቶውን እስኪነካ ወግተው የደለሉን ውፍረት ይለኩ። ከዚያ ቱቦው አፍ ጋ አንድ ችካል፣ 10 ሜትር ወደ ላይ ሌላ ችካል ይትከሉ። ሲባጎ ወጥረው በውኃ ልክ ያስተካክሉ፤ ውኃ ልኩ የሚንጠለጠለው ሲባጎው መሐል ላይ ነው፣ አለበለዚያ ሲባጎው ስለሚረግብ ያሳስታል። ከሲባጎው እስከ ቱቦው ወለል፣ ከሲባጎው እስከ ቦዩ ወለል ይለኩ። የላይኛው ልኬት ከታችኛው በ10 ሴ.ሜ ካነሰ ዝንባሌው 1 በመቶ ነው፣ ደህና ነው። 5 ሴ.ሜ የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው። የላይኛው ከበለጠ ወለሉ ወደ ኋላ አዘንብሏል ማለት ነው፤ ያኔ ቅጠል ቢጠረግም ባይጠረግም ውኃው አይሄድም። ከቱቦው ወለል በታች ፈጽሞ አይቆፍሩ፤ ኩሬ ነው የሚሠሩት፣ ከሳምንት በላይ የቆመ ውኃ ደግሞ ትንኝ ያፈላል።

ቱቦ_ሠሪ

ስለ ቱቦው ልጨምር። የዶሮ ሽቦውን ይተዉት። ዓይኑ ጠባብ ስለሆነ መጀመሪያ የመጣው ቅጠል ይለጠፍበትና ሽቦው ራሱ ግድብ ይሆናል። የግድ መከለያ ከተፈለገ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብረት በ10 ሴ.ሜ ልዩነት ቁሞ፣ ወደ ታች ፍሰቱ ዘንበል ብሎ፣ ከቱቦው አፍ 1 ሜትር ራቅ ተደርጎ ይተከል። እሱም ቢሆን ከዝናብ በኋላ ሁሌ የሚያጸዳው ሰው ካለ ብቻ ነው።

የባሕር ዛፍ ቅርፊት ከቅጠሉ የከፋ ነው። ረጅሙ ልጥ ቱቦው አፍ ላይ አግድም ይያዝና የሚመጣውን ሁሉ እንደ መረብ ያቆመዋል። ከሬኩ በፊት በእጅ እየለቀሙ ያውጡት።

ውስጡን ለማጽዳት፦ 6 ሜትር ሙሉ የሚያልፍ ቀርከሃ ወይም የተቀጠለ የውኃ መስመር ብረት ከታችኛው አፍ ይግባ፣ በላይ ሲወጣ ገመድ ይታሰርበትና ወደ ታች ይሳብ። ገመዱ ካለፈ በኋላ መሐሉ ላይ የተጠቀለለ ሰንሰለት ወይም ከቱቦው ያነሰ አሮጌ ጎማ አስራችሁ ሁለት ሰው ከሁለቱም ጫፍ ወዲያና ወዲህ ይሳበው። ደለሉ ይላላል፤ በላይ በኩል ውኃ እየተለቀቀ በታች ይዛቃል።

ከላይ ውኃ አቁሮ የተዘጋ ቱቦ ከሆነ ታችኛው አፍ ፊት ለፊት ማንም አይቁም፤ ድፍኑ ሲለቅ በአንድ ጊዜ ነው። ጎርፍ እየወረደ ሳለ ደግሞ ላይኛው አፍ ጋ ገብቶ መነካካት አይሞከርም፣ እግርን ስቦ ያጣብቃል። ራስንም ወደ ውስጥ ማስገባት የለም።

መንገድ_ዳር

የወጣውን በቦዩና በመንገዱ መካከል አትከምሩ። ረድፉ ሲደርቅ ትንሽ ግድብ ይሆናል፤ የመንገዱ ውኃ ወደ ቦዩ መግባት ትቶ በጎማ ዱካ ይወርዳል። በግቢው በኩል ከቦዩ ጠርዝ 3 ሜትር አርቁት፣ ቦታው ወደ ቦዩ የሚያዘነብል ከሆነም ከዚያ በላይ።

ቦዩ ውስጥ አታቃጥሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው እሳቱ ይዘላል፣ ጭሱ ሹፌር ያሳውራል፣ ሣሩንም እስከ ሥሩ ይበላዋል። ለአትክልት ብስባሽ ማድረግም ጥሩ አይደለም፤ የመንገድ ጥራጊ የመኪና ዘይት፣ የጎማ ብናኝና ጠርሙስ ስባሪ አለበት። ከትልልቅ ዛፎች ሥር ቢበተን ይሻላል።

በሥራው ላይ አንጸባራቂ ሰደርያ ይለበስ፣ ፊት ወደሚመጣው መኪና ይሁን። ክምሩን በእጅ ከመንካት በፊት በዱላ ይቀስቀስ፣ እባብ ይኖራል። ቅጠል ማንሣቱ ብዙ አያከራክርም፤ ወለሉን መቆፈር ወይም ቅርጹን መለወጥ ግን መንገዱን ለሚያስተዳድረው ክፍል ሳይነገር አይጀመር፤ በቦዩ ዳር የስልክ ኬብል ወይም የውኃ መስመር መቀበሩ የተለመደ ነው።

ግቢ_ጠባቂ

እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁት። ቱቦው አፍ ላይ ደለሉ 14 ሴ.ሜ ነው። 10 ሜትር ላይ ያለው የቦዩ ወለል ከቱቦው ወለል በ6 ሴ.ሜ ዝቅ ይላል።

ሣር_ይሻላል

እንግዲያው ችግሩ ተገኘ። ውኃው ቱቦው ውስጥ መፍሰስ ከመጀመሩ በፊት እዚያ ቦታ ላይ 14 እና 6፣ በድምሩ 20 ሴ.ሜ መሙላት አለበት። ከቱቦው ስፋትም ሲሶው ገደማ በደለል ተይዟል። ቱቦው ሲጠረግ 14ቱ ይሄዳል፤ 6ቱ በመጥረግ አይሄድም፣ መሞላት አለበት።

ፈቃዱን ካገኙ 10 ሜትሩ ላይ 11 ሴ.ሜ ይሙሉ፤ ያኔ 5 ሴ.ሜ መውረጃ ይኖርዎታል። ቦይዎ ጥልቀት ስላለው 39 ሴ.ሜ ይቀርለታል። ሙሌቱ ወደ ቱቦው ሲጠጋ እየሳሳ ይምጣ፣ ወደ ላይ ደግሞ ከነባሩ ወለል ጋር እስኪገናኝ ይቀጥል። ጭቃማ አፈር ከጠጠር ጋር ቀላቅለው በሁለት ድርብ፣ እያንዳንዱን እርጥብ አድርገው ይጠቅጥቁት። የወጣውን ደለል መልሰው አይሙሉበት፣ በመጀመሪያው ዝናብ ይሄዳል። ላዩ ላይ ከጎኑ የተነሣ የሰርዶ ቁራጭ በ20 ሴ.ሜ ልዩነት ይተከልና እስኪይዝ ድረስ ዋና ጎርፍ ባይነካው ይመረጣል፤ ስለዚህ ሥራው ዝናቡ ሊገባ ወር ሲቀረው ቢሆን።