ያለ በጀት ኔትወርክ ለሚይዝ ሰው የትኛው ነፃ ሶፍትዌር ይበጃል?

የሐዋሳው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ኮሌጅ ኔትወርኩን የምይዘው ብቻዬን ነኝ። 140 ያህል ኮምፒውተሮችና እነሱን በኬብል የሚያገናኙ 7 ስዊቾች አሉን፤ ሦስቱ ማኔጅድ (ገብተው የሚያስተካክሏቸው) ናቸው፣ የቀሩት ተራ። ለሶፍትዌር የሚሆን በጀት የለም። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ አንዳንድ ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት እንቢ ይላቸዋል፤ አጠገባቸው ያለው ግን ይሠራል። ኬብል ቀየርኩ፣ ስዊች አጥፍቼ አበራሁ፣ ለውጥ የለም። ተማሪዎቹ በኦንላይን ሊፈተኑ ስለሆነ ጨንቆኛል። እናንተ ራሳችሁ የሠራችሁበትን ነፃ መሣሪያ ንገሩኝ።

ባለኬብሉ፦
ወንድሜ፣ ምንም ከመጫንህ በፊት እንቢ ባለው ኮምፒውተር ላይ የትዕዛዝ መስኮቱን ከፍተህ «አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል» በል። አይፒውን (የኮምፒውተሩን የኔትወርክ አድራሻ) እና «ዲኤችሲፒ ሰርቨር» (አይፒ የሚያድለው ማሽን) የሚለውን መስመር እየው። የእናንተ ነው?

የሐዋሳው፦
አይደለም! የእኛ በ10.10 ነው የሚጀምረው። እነዚህ 192.168.0.37 እና 192.168.0.41 ይዘዋል። ሰርቨሩም 192.168.0.1 ይላል፤ እንዲህ ያለ ነገር የለንም።

ፓኬት ለቃሚ፦
እንግዲያው አንድ ሰው የራሱን ራውተር ሰክቷል። ኮምፒውተር ሲነሳ «አይፒ የሚሰጠኝ ማነው?» ብሎ ለሁሉም ይጮሃል፤ አብዛኛውን ጊዜም ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። አንዱ ተበላሽቶ ሌላው የሚሠራው ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ በኔትወርኩ የሚያልፈውን ትራፊክ የሚያሳየውን ዋየርሻርክን ጫን። በነፃ የሚገኝ ነው፤ በ1998 ሲወጣ ስሙ ኢቴሪያል ነበር፣ በ2006 ነው የተቀየረው። ችግር ባለበት ኮምፒውተር ላይ ራሱ ክፈተው፤ ሌላ ቦታ ብትከፍተው ስዊቹ የሌላውን ትራፊክ አያሳይህም። መቅዳት ጀምር፣ አይፒውን አስለቅቀህ እንደገና አስጠይቅ፣ ከዚያ ዲኤችሲፒ ብቻ እንዲታይ አጣራ። «ኦፈር» (ይህን አይፒ ውሰድ) የሚል መልስ ከሁለት ሰርቨር ከመጣ ነገሩ አለቀ።

ቦታውን ለማግኘት ደግሞ የ192.168.0.1ን ማክ አድራሻ (የማሽኑን መለያ ቁጥር) ከአርፕ ሠንጠረዥ (ኮምፒውተሩ አይፒን ከማክ ጋር አዛምዶ ከሚይዝበት ዝርዝር) ውሰድ። የማኔጅድ ስዊቹ የማክ ሠንጠረዥ በየትኛው ፖርት እንደሚመጣ ይነግርሃል። ከዚያ ኬብሉን እየተከተሉ መሄድ ነው።

እህተ ሊኑክስ፦
በዚህ ላይ የምጨምረው አለኝ። ችግሩ ከተፈታ በኋላ ኔትወርኩን የሚከታተልልህን ሊብሬኤንኤምኤስን ጫን። 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ለእናንተ ስዊቾች ይበቃል። በኤስኤንኤምፒ (ስዊቾች ስለ ሁኔታቸው በሚጠየቁበት ቋንቋ) እየጠየቀ የትኛው ፖርት እንደተጨናነቀ፣ የትኛው ስዊች መብራት ሲጠፋ እንደወደቀ በግራፍ ያስቀምጥልሃል። ዛቢክስም ነፃ ነው፣ አቅሙም ሰፊ ነው፤ ግን ብቻውን ለሚሠራ ሰው ለመልመድ ጊዜ ይበላል። እኔ መጀመሪያ ሊብሬኤንኤምኤስን እላለሁ። «ፐብሊክ» የሚለውን የኤስኤንኤምፒ የይለፍ ቃል ግን ዛሬውኑ ቀይረው፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ኤንማፕ ደግሞ ኔትወርኩ ላይ ምን ምን እንዳለ ይቆጥርልሃል። ከማስኬድህ በፊት ግን ከአለቃህ ፈቃድ በጽሑፍ ያዝ፤ ፍተሻ ከጥቃት ጋር ይመሳሰላል።

ባለኬብሉ፦
ኢንተርኔት ዘገየ ሲሉህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት አይፐርፍ 3ን በሁለት ኮምፒውተር ላይ ጭነህ የውስጡን ፍጥነት ለካ። ውስጡ ደህና ከሆነ መንገዱ የት ላይ እንደሚበላሽ የሚያሳየውን ዊንኤምቲአርን ወደ ውጭ አስኪድና ውጤቱን ለአገልግሎት ሰጪያችሁ ላክ። ማስረጃ ይዞ ለደወለ ሰው የሚሰጠው መልስ ይለያል።

ሁሉንም ከሠሪዎቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርድ። ስዊች ውስጥ ለመግባት በሚያገለግለው በፑቲ ስም ቫይረስ ሲያሰራጩ የተገኙ ገጾች ነበሩ፤ ስዊችህን የምትገባበትን የይለፍ ቃል በእጅህ ለሌባ መስጠት ነው።

የሐዋሳው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ተገኘ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ዋይፋይ እንዲኖረው ብሎ ከቤቱ ራውተር አምጥቶ፣ ኬብሉን በዋን (የውጭ መስመር መግቢያ) ፈንታ ላን (የውስጥ) ፖርቱ ላይ ሰክቶታል። የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ነው ጠዋት ሰላም የሚሆነው። ነቀልነው፣ ሁሉም ተመለሰ። ዳግመኛ እንዳይሆን ምን ላድርግ?

ፓኬት ለቃሚ፦
በሦስቱ ማኔጅድ ስዊቾች ላይ ታማኝ ካልተባለ ፖርት የሚመጣን የአይፒ እደላ የሚያግደውን ዲኤችሲፒ ስኑፒንግን አብራ። ዲኤችሲፒ ሰርቨርህ ያለበትንና ስዊች ከስዊች የሚያገናኙትን ፖርቶች ብቻ ታማኝ አድርግ፤ እሱን ከረሳህ ግቢው በሙሉ አይፒ ያጣል፣ ስለዚህ ማታ ሞክረው። አንድ ነገር ልብ በል፦ ራውተሩ ተራ ስዊች ላይ ከተሰካ በዚያው ስዊች ላይ ያሉትን ማሳሳቱ አይቀርም። ገንዘብ የተገኘ ቀን መጀመሪያ የቤተ መጻሕፍቱን ስዊች ቀይር።