በሊኑክስ ላይ ዳያል አፑ ይገናኛል፣ ገጽ ግን አይከፈትም፤ እባካችሁ ዛሬውኑ

ባለ ሪፖርቱ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዴቢያን ሊኑክስ የተጫነበትን የቢሯችንን ኮምፒውተር በስልክ መስመር ከኢንተርኔት ጋር ለማገናኘት ከጧት ጀምሮ እየታገልኩ ነው። ውጫዊው ሞደም ይደውላል፣ የተለመደውን ጩኸቱን ያሰማል፣ ደብልዩቪዳያል የተባለው የመደወያ ፕሮግራምም መገናኘቱን ገልጾ የአይፒ አድራሻ ያሳየኛል፤ ፋየርፎክስ ግን አንድም ገጽ አይከፍትም። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት በኢሜይል መድረስ አለበት። የምጽፈው ከጎረቤት ኢንተርኔት ካፌ ስለሆነ እየተመላለስኩ አነባለሁ።

ጋሽ ሞደም፦ ስህተቱ የሚጀምረው ከግዢው ነው። ዊንሞደም የሚባሉት ርካሽ ካርዶች የሞደሙን ሥራ ለዊንዶውስ ሶፍትዌር ስለሚተዉት፣ ለሊኑክስ የተጻፈ ድራይቨር ካልተገኘላቸው ከጌጥነት አያልፉም። እኔ ሁልጊዜ የምመክረው በሲሪያል ገመድ የሚያያዘውን ውጫዊ ሞደም ነው።

ቀጭን ሽቦ፦ ጋሼ፣ ውጫዊ ነው ብለዋል እኮ።

የማታ ተማሪ፦ የተጠቃሚ ስምዎን ሞደሙን ለመጠቀም ፈቃድ ባለው፣ ዳያልአውት በተባለው ቡድን ውስጥ ያስገቡና ወጥተው ይግቡ።

እንግዳ፦ ዳያልአውት ቡድን ውስጥ ይግቡ። ለእኔ ሠርቶልኛል።

ቀጭን ሽቦ፦ ፈቃድ ባይኖራቸው ኖሮ ሞደሙ መቼ ይደውል ነበር?

አባ ጠይቅ፦ እኔ ያልገባኝ ሌላ ነገር ነው። ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጠው ኢንተርኔት የለኝም ይላሉ። ሪፖርቱን በፍላሽ ይዘው ቢመጡ ምን ይከለክልዎታል?

ባለ ሪፖርቱ፦ የ40 ሠራተኛ ደመወዝ አለበት። እዚህ ባለው ማሽን ላይ ፍላሼን ከሰካሁ ደመወዙም ቫይረሱም እኩል ይባዛሉ።

የመስመር ሰው፦ ሞደሙም የይለፍ ቃሉም ደህና ናቸው፤ አለዚያ አድራሻ ባልተሰጠዎት ነበር። የሚጠረጠረው ኮምፒውተሩ መረጃ የሚልክበት መንገድ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ የኔትወርክ ገመድ ተሰክቷል? እንደተገናኙ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው ሩት፣ ማለትም ዋና አስተዳዳሪ ሆነው «ራውት» ብለው ይጻፉ፣ ክፍተት ትተው ሰረዝና «ኤን» ይጨምሩ። በዜሮዎች የሚጀምረው መስመር መጨረሻው ላይ ምን ይላል?

ባለ ሪፖርቱ፦ ሄጄ አየሁት፤ «ኢቲኤች 0» ይላል። አዎን፣ ገመድ አለ፤ ከሒሳብ ክፍሉ ማተሚያ ጋር የሚያገናኘን ነው። ከዚህ ጋር ግንኙነት ያለው አልመሰለኝም ነበር።

የመስመር ሰው፦ ጥፋቱ እሱ ነው፤ «ኢቲኤች 0» ማለት ያ ገመድ ነው። የስልኩን ግንኙነት የሚያስኬደው ፒፒፒዲ የተባለው ፕሮግራም ቀድሞ የተቀመጠ ዋና መንገድ ካገኘ በራሱ አይተካውም፤ ስለዚህ ፋየርፎክስ የሚጠይቀው ሁሉ በስልኩ መስመር መውጣት ሲገባው ወደ ማተሚያው ገመድ ይሄዳል። ለዛሬ የሞደሙን ግንኙነት ይዝጉ፣ ሩት ሆነው «ራውት ዴል ዲፎልት» የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ፣ ከዚያ እንደገና ይደውሉ። መስመሩ አሁን «ፒፒፒ 0»፣ ማለትም የስልኩ መስመር፣ ማለት አለበት። ማተሚያው በዚያው በውስጥ ኔትወርኩ ላይ እስካለ ድረስ መሥራቱን አያቆምም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ መንገዱ እንዳይመለስ፣ ነገ ረጋ ብለው ኢንተርፌስስ ከተባለው ፋይል ውስጥ ጌትዌይ የሚለውን መስመር ያውጡ። ከዚህ በኋላ ግንኙነት መኖሩን የሚፈትሸው የፒንግ ትእዛዝ በቁጥር አድራሻ መልስ ሰጥቶ በስም ግን እምቢ ካለ፣ የቀረው ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ ብቻ ነው፤ ሪዞልቭ ኮንፍ የተባለውን ፋይል ይዩ።

ጋሽ ሞደም፦ እኔም ልለው የነበረው ይህንኑ ነው።

አባ ጠይቅ፦ ዊንሞደም ነው ብለው አልነበር?

ቀጭን ሽቦ፦ ሪፖርቱን ሳይጨምቁ አይላኩት። ሞደሙ ላይ የተጻፈው 56 ለማውረድ ነው፤ ለመላክ በብዙዎቹ ሞደሞች ቢበዛ በሰከንድ 33.6 ኪሎቢት ነው። 2 ሜጋባይት ፋይል ከኢሜይል ጋር ሲያያዝ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ስለሚያብጥ፣ መስመሩ ሳይንገራገጭ እንኳ 11 ደቂቃ ይፈጃል። በዚያ መሃል የፀሐፊዋን ስልክ ማንም እንዳያነሳ ይንገሩ፤ መስመሩ አንድ ከሆነ እጀታው እንደተነሳ ሁሉም ከመጀመሪያው ነው።

ባለ ሪፖርቱ፦ ፀሐፊዋን አላሰብኳትም ነበር። እየሮጥኩ ነው።

የማታ ተማሪ፦ ዳያልአውቱንም ይሞክሩት እንጂ።