የስልክ ጎልፍ ልትጀምሩ ላሰባችሁ የጅማ ልጆች፦ የቱ ጌም፣ በየትኛው ኔት? (ጥቆማ)

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ነገር ጠየቀኝ፤ «ጎልፍ ጌም ልጀምር ነው፣ የቱ ይሻላል?» በየተራ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ግራፊክሱን አይታችሁ አትምረጡ። ደረጃ የሚሰጠው በምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ዝናብ ሲጥል መብራትም ኔትም በሚሄድበት ከተማ ሆናችሁ ስትጫወቱ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

እኔ የምጫወተው ደብልዩ ጂ ቲ (ወርልድ ጎልፍ ቱር) የሚባለውን ጌም ነው። ሜዳዎቹ እውነተኛ ናቸው፣ ሴንት አንድሩስ አለ፣ ፔብል ቢች አለ። ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣህ የስኮትላንድ ንፋስ ስትለካ ትውላለህ። ደረጃው ከሃክ ይጀምርና አማተር፣ ፕሮ፣ ቱር ፕሮ፣ ማስተር እያለ እስከ ሌጀንድና ከዚያም በላይ ይወጣል። ብዙ ጀማሪ የሚምታታበት ቦታ አለ፤ ሌቭል ሌላ ነው፣ ደረጃ ሌላ። ሌቭል በተጫወትክ ቁጥር ያድጋል፣ የተሻለ ዱላ ይከፍትልሃል። ደረጃ የሚወጣው ግን በአቬሬጅ ነው፣ ማለትም ለደረጃ በሚቆጠሩት ዙሮች (አንድ ሙሉ ዙር 18 ጉድጓድ ነው) ላይ በአማካይ በስንት ምት እንደጨረስክ ነው የሚታየው።

ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ቶሎ ይገባዋል። የተገለበጠ ጂፒኤ በሉት፤ ያነሰው ነው የሚሻለው። ፍሬሽማን ላይ ያበላሸኸው ደግሞ እስከ ምረቃ ይከተልሃል።

ቀላሉን አማካይ ወስደን እንስላው። ፓር 72 (ጎበዝ ተጫዋች በ72 ምት ይጨርሰዋል ተብሎ የሚጠበቅ) ሜዳ ላይ 10 ዙር ተጫውተህ አቬሬጅህ 75 ነው እንበል። 11ኛውን ዙር ታናሽ ወንድምህ ስልክህን ነጥቆ በ97 ጨረሰልህ። አቬሬጁ ወዲያው 77 ገባ። አሁን በየዙሩ 70 እየመታህ እንኳ ወደ 72 ለመውረድ 28 ዙር ያስፈልግሃል! ያው 97 የመጣው ከ100 ዙር በኋላ ቢሆን ግን አቬሬጅህ 75.2 ነው፣ ምንም አልሆነም። ችግሩ ብዙ ዙር ያለው አቬሬጅ በመጥፎ ቀን እንደማይነቃነቅ ሁሉ በጥሩ ቀንም አይነቃነቅም። «ጎበዝ ሆኛለሁ፣ ቁጥሩ ግን አልወርድ አለኝ» የሚሉ ልጆች ነገራቸው ይሄ ነው።

የእውነተኛው ጎልፍ ሰዎች ለዚህ መላ አላቸው። ከ2020 ጀምሮ ዓለም ላይ የሚሠራበት የሃንዲካፕ (የተጫዋቹን ብቃት የሚለካ ቁጥር) አቆጣጠር ከመጨረሻዎቹ 20 ዙሮች ምርጥ 8ቱን ብቻ ነው የሚወስደው። የፕሮፌሽናሎቹ የዓለም ደረጃም የ2 ዓመት ውጤት ነው የሚያየው፤ ያገኙትን ነጥብ ለተጫወቱት ውድድር ብዛት ያካፍላል፣ ከ40 ያነሰ የተጫወተ ግን ለ40 ይካፈልበታል። ሁለት ውድድር ብቻ አሸንፎ አንደኛ ነኝ ማለት የለም።

ስለዚህ ደብልዩ ጂ ቲ ለምትጀምሩ፦ መጀመሪያ ልምምድ ላይ ቆዩ፣ እሱ አቬሬጅ ውስጥ አይገባም። ፑት (ጉድጓዱ አጠገብ ኳሱን የምታስገቡበትን ምት) ሳትለምዱ የሚቆጠር ዙር አትክፈቱ። ግን ደረጃ ለመውጣትም አትቸኩሉ። በወጣችሁ ቁጥር የመጀመሪያው ምት መነሻ ወደ ኋላ ይርቃል፣ አረንጓዴው (ጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አጭር ሳር) ላይ ኳሱ ይፈጥናል፣ ዱላችሁ ግን ያው የድሮው ነው። በዚህ ምክንያት ሆን ብለው ዙር እያበላሹ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ የሚደበቁ አሉ። ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ ፂሙን ተላጭቶ የሚሰለፈውን ሰውዬ አስቡት፣ እሱው ነው።

ጎልፍ ክላሽ ሌላ ዓለም ነው። አቬሬጅ የሚባል ጣጣ የለውም። አንድ ጉድጓድ ከአንድ ሰው ጋር ትጫወታለህ፣ ካሸነፍክ ዋንጫ ይጨመርልሃል፣ ከተሸነፍክ ይቀነሳል፣ ያስያዝከው ሳንቲምም ይሄዳል። ጨዋታው አጭር ስለሆነ ታክሲ እስኪሞላ ይበቃል። የማልወደው ነገር፣ በ3 ምት ጨርሰህ ሌላው በ2 ከጨረሰ ያንተ 3 ከንቱ ነው፣ እየተሻሻልክ መሆንህን የሚነግርህ ቁጥር የለም።

አሁን ወደ ኔቱ። አንድ ካፌ (ስሙ ይቅር) «ፈጣን ዋይፋይ» የሚል ወረቀት ለጥፎ አይቼ ገባሁ። 17 ጉድጓድ በሕይወቴ ተጫውቼው በማላውቀው ብቃት ሄድኩ። 18ኛው ላይ ኔቱ ቆመ። አስተናጋጇን ብጠይቃት «ሰው ሲበዛ እንዲህ ያደርገዋል» አለችኝ፣ ካፌው ውስጥ አራት ሰው ነበርን። ከዚያ ወዲህ 18 ጉድጓድ በካፌ ዋይፋይ አልጀምርም።

የሚቆጠር ዙር ካላችሁ በራሳችሁ ዳታ፣ ማታ፣ ቻርጅ ሞልታችሁ። የሌሊት ፓኬጅ ለዚህ ምርጥ ነው፣ ዋጋውም ቀለል ይላል፣ የሚረብሽም የለም። ኢትዮ ቴሌኮም ይሁን ሳፋሪኮም በሚለው አልከራከርም፣ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል። ጅሬን በኩል ያለውና መርካቶ አካባቢ ያለው አንድ አይደለም። የጓደኛችሁን ሲም ተውሳችሁ አንድ ማታ ቤታችሁ ሞክሩት። የካፌ ዋይፋይ ለማውረድና አፕዴት ለማድረግ ይሁን።

ተጨማሪ፦ «ሳንቲም በብር ልግዛ ወይ?» ያልከው ልጅ፣ አትግዛ። ውድ ዱላ ኳሱን አርቆ ይመታልሃል እንጂ ፑት አያስገባልህም፣ የእኔን አቬሬጅ የሚያበላሸው ደግሞ ሁሌም ፑት ነው። በዚያ ብር የስልክህን ስክሪን ፕሮቴክተር ቀይር። የተሰነጠቀ መስታወት ላይ ጣት ይይዛል፣ ምቱ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ንፋስ ነው ብዬ ነበር።