ክርክር፦ ጠመንጃ እያለ ዋላን በቀስት ማደን ሊፈቀድ ይገባል?

አወያይ፦
ከአባሎቻችን አንዱ በቀስት ለመጀመሪያ ጊዜ ዋላ መጣሉን ባለፈው ሳምንት ሲነግረን ግማሻችን እንኳን ደስ አለህ አልነው፤ ግማሻችን ደግሞ ተቆጣን። ነገሩ በስሜት ብቻ እንዳይቀር ለጽሑፍ ክርክር አቅርበነዋል። ዋላ የምንለው በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ መልሶ የሚያበቅለውን፣ ሲደነግጥ የጅራቱን ነጭ ገልጦ የሚሸሸውን እንስሳ ነው። ጥያቄው ሕግ የቀስት አደንን ይፍቀድ ወይስ ይከልክል የሚል ነው። አገሮች በዚህ ላይ አልተስማሙም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣችው ሕግ የዱር እንስሳትን በቀስት መግደልን ከልክላለች፤ ጀርመንም አትፈቅድም። ዴንማርክ ፈተና ላለፈ አዳኝ ትፈቅዳለች። በአሜሪካ ደግሞ በሁሉም ግዛቶች የተፈቀደ ነው። ሥጋ መብላት ይገባል አይገባም የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው። መጀመሪያ ባለ ታሪኩ ይናገር።

ቀስተኛው፦
የሆነውን እንዳለ ላስቀምጥ። ሦስት የአደን ወቅት ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በየማለዳው ከሥራ በፊት ኢላማ ላይ እወረውር ነበር። ደጋኔ ባለ መዘውር ነው። እስኪሳብ ድረስ ክንድ ይፈትናል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን መዘውሩ አብዛኛውን ክብደት ስለሚሸከም ስቦ መቆየት ይቻላል። ይህ ባይሆን ኖሮ ያን ቀን ፍላጻዬ ከእጄ ባልወጣ ነበር።

ማማዬ ላይ የወጣሁት ሳይነጋ ነው፤ በመታጠቂያ ከግንዱ ጋር ታስሬ። ነፋሱ ከፊቴ ይመጣ ነበር፤ ከኋላዬ ቢሆን ኖሮ ሽታዬ ቀድሞኝ ደርሶ ሁሉም ነገር ሳይጀመር ባለቀ። ፀሐይ ስትወጣ ሁለት እንስቶች መጡ። የኋለኛዋ ቅጠል እየቀነጠሰች ስትቀርብ ጆሮዎቿ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሲዞሩ ይታየኛል። ጭንቅላቷ ከግንድ ጀርባ ሲገባ ደጋኑን ሳብኩ። ከግንዱ ወጥታ ግንባሯን ወደ እኔ አዙራ ቆመች። ፊት ለፊት በቆመ ዋላ ላይ አይወረወርም፤ የደረቱ አጥንት ሳንባውን ይጋርዳል። ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። ጎኗን ሰጥታኝ የፊት እግሯን አንድ እርምጃ ስታራምድ ለቀቅሁ። ርቀቱ ሃያ ሁለት እርምጃ ነበር።

ሮጠች። እኔ ግማሽ ሰዓት ከማማው ሳልወርድ ቆየሁ፤ የቆሰለ ዋላ ወዲያው ከተከተሉት ከተኛበት ተነሥቶ ይጠፋል። ፍላጻውን መሬት ላይ ተሰክቶ አገኘሁት። ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ ትንንሽ አረፋ አለው፤ አረፋው የሳንባ ምልክት ነው። ፈርስ ፈርስ ቢሸተኝ ኖሮ ትቼው ሄጄ ከብዙ ሰዓት በኋላ መመለስ ነበረብኝ። ጠብታውን ከቅጠል ወደ ቅጠል እየተከተልኩ፣ አንድ ቦታ ላይ ጠፍቶብኝ በጉልበቴ እየዳህኩ፣ ሰባ እርምጃ ያህል ሄጄ ወድቃ አገኘኋት። ዓይኗን በቀጭን እንጨት ጫፍ ነካሁት፤ አልጨፈነችም። እዚያው አጠገቧ ተቀመጥኩ። ደስታውና እንባው አንድ ላይ ነው የመጣብኝ። ቆዳዋን ራሴ ገፈፍኩ፣ ሥጋዋን በየብልቱ ራሴ ለየሁ፤ የጣልኩት የለም።

ሐኪሟ፦
እንስሳትን በማከም ነው የምተዳደረው። ወንድሜ፣ ታሪክህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ጠንቃቃ ሰው መሆንህን አልጠራጠርም። ነገር ግን የነገርከን ቦታዋን ስላገኘች አንዲት ፍላጻ ነው። ሕግ የሚወጣው ቦታቸውን ላላገኙትም ነው።

የዘመናዊ ደጋን ፍላጻ በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ ይበራል፤ ድምፅ ግን 340 ሜትር ይጓዛል። ዋላው 25 ሜትር ላይ ቢቆም የአውታሩ ድምፅ ከፍላጻው በፊት፣ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ቀድሞ ይደርሰዋል። ጥቂት ይመስላል፤ ለእርሱ ግን በቂ ነው። ለመፈናጠር መጀመሪያ ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ስለሚል ለሳንባው የታለመው ፍላጻ ጀርባው ላይ ያርፋል። እጅህ ምንም ሳይሳሳት ይህ ይሆናል።

ሁለቱም ሳንባው የተበሳ ዋላ በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል። ጨጓራው ወይም አንጀቱ የተበሳ ግን ፈርሱ ወደ ሆድ ዕቃው እየፈሰሰ ለብዙ ሰዓት ይሰቃያል። ይህን ሕመም በላም ላይ አውቀዋለሁ። ሽቦ ውጣ ጨጓራዋ የተበሳ ላም ጀርባዋን አጉብጣ፣ ጥርሷን እያፋጨች ትቆማለች፤ አንድ እርምጃ ለመራመድ ትፈራለች። ለላሟ እኔ አለሁላት፤ ጫካ ውስጥ ለቀረው ዋላ ማን አለው?

ቁጥርም አለ። በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ማክአሌስተር በተባለ የጦር ሠራዊት ግቢ የሬዲዮ ምልክት ሰጪ የታሰረላቸው ወንድ ዋላዎች ተጠንተው ነበር፤ በባህላዊ ደጋን ከተመቱት ግማሹ አዳኙ ሳያገኛቸው ቀርተዋል። ሳልደብቅ ልናገር፣ ካልተገኙት አብዛኞቹ ድነዋል። በሜሪላንድ ግዛት በአንድ የባሕር ኃይል ግቢ በዘመናዊ ደጋን የተመዘገበው የተሻለ ነው፤ ከተመቱት ያልተገኙት 18 በመቶ ናቸው። ከተመቱ መቶ ዋላዎች አሥራ ስምንቱ ፍላጻ ቀምሰው መጥፋታቸው ለእኔ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ባለ ጠመንጃው፦
ልጄ፣ የተናገርሽው እውነት ነው፤ ጠመንጃን ግን ንጹሕ አታድርጊው። በጎልማሳነቴ አንድ ወንድ ዋላ የፊት እግሩን በጥይት ሰብሬ ሌሊቱን ሙሉ ፈልጌ አጥቼው፣ በማግስቱ እኩለ ቀን በሦስት እግሩ ቆሞ አገኘሁት። እንዴት እንዳየኝ ዛሬም አልረሳውም። ስለዚህ መሣሪያው ብቻውን ማንንም መሐሪ አያደርግም።

የእኔ ተቃውሞ ሌላ ነው። የቀስት አዳኞች ሲናገሩ ደጋግሜ የምሰማው «ከባድ ስለሆነ ነው የምወደው» የሚለውን ነው። ከባድ ነገር መውደድ መልካም ነው፤ ተራራ የሚወጣ ሰው ቢሳሳት ራሱ ይወድቃል። እዚህ ግን ችግሩን የሚመርጠው አዳኙ ነው፣ ዕዳውን የሚከፍለው ዋላው ነው። በአንድ ጥይት የሚያልቀውን ነገር ለራሴ ፈተና ብዬ ማክበዴን ለዚያ እንስሳ እንዴት አድርጌ ላስረዳው? ይህን የሚመልስልኝ ቀስተኛ እስካሁን አላገኘሁም።

ደን ጠባቂው፦
ውይይቱ ስለ አንድ አዳኝና ስለ አንዲት ዋላ ብቻ ሆነ። ጫካውም ይቆጠር። በአሜሪካ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ነጭ ጅራቱ ዋላ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ብቻ ቀርቶ እንደነበር ይገመታል፤ ዛሬ ወደ 30 ሚሊዮን ይደርሳል። ይህ የጥበቃ ሥራ ድል ነው፤ ተኩላውና የተራራው አንበሳ (ፑማ የሚባለው ትልቅ የዱር ድመት) ከአብዛኛው ቦታ ከጠፉ በኋላ ግን ቁጥሩን የሚገታው ጠፋ። በሥራዬ በአጥር የተከለሉ የሙከራ ቦታዎች አያለሁ። ከአጥሩ ውስጥ የዛፍ ችግኝ ጉልበቴ ይደርሳል፤ ከአጥሩ ውጪ፣ አንድ እርምጃ አልፎ፣ ያለው ዋላ የማይበላው ፈርን የተባለ ተክል ብቻ ነው። አሮጌዎቹ ዛፎች ሲወድቁ የሚተካቸው የለም።

ቤቶች ከጫካው ጋር በተሳሰሩበት ቦታ ጥይት መተኮስ አይታሰብም፤ ዒላማውን ከሳተ በኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር መንገድ ይሄዳል። ፍላጻ ግን ከማማ ላይ ወደ ታች ስለሚወረወር ቢስትም ቅርብ መሬት ላይ ይቀራል። የወሊድ መከላከያ ክትባት የሚሉ አሉ፤ እያንዳንዷን እንስት ማግኘትና በየጊዜው መድገም ስለሚጠይቅ በሰፊ ጫካ አይሆንም። ቀስት ይከልከል የምትሉ፣ በእነዚህ ቦታዎች ምን እንድናደርግ ነው የምትፈልጉት?

ሐኪሟ፦
የሠለጠኑ ተኳሾች፣ በተከለለ ቦታ፣ በማታ፣ በማያዳግም ጥይት ይሥሩት። ሥራ ከሆነ እንደ ሥራ ይሠራ።

ደን ጠባቂው፦
በጥቂት ቦታ ይሠራበታል፤ ወጪው ግን ከባድ ነው፣ ከቤቶቹ አጠገብም ያው የጥይት ጣጣ አለ። አዳኙ በተቃራኒው ከፍሎ ነው የሚገባው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ከጠመንጃና ከጥይት፣ በኋላም ከቀስት መሣሪያ ሽያጭ የሚሰበሰበው ግብር ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። እናንተ ደስ አይበላችሁ፤ እኔ ግን ያለዚያ ገንዘብ ጥበቃውን መገመት አልችልም።

ቀስተኛው፦
ለባለ ጠመንጃው ልመልስ። ጋሼ፣ «ከባድ ስለሆነ» ብለው የሚያድኑ አሉ፤ አልክድም። እኔን ወደ ቀስት ያመጣኝ ርቀቱ ነው። በጠመንጃ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ያለ ዋላ ለእኔ ቅርጽ ብቻ ነበር። በሃያ እርምጃ ሽፋሽፍቱ ይታያል፤ ሲያኝክ ይሰማል። ከዚያ ቅርበት የሚወረውር ሰው የሚያደርገውን ሳያውቅ አያደርገውም። በዚያ ወቅት ከአንዴም ሁለት ጊዜ ትልልቅ ወንዶች አርባ ሜትር ላይ ቆመውልኝ ደጋኑን መልሼ አውርጃለሁ፤ እርግጠኛ ስላልነበርኩ። እርስዎ ዕዳውን የሚከፍለው ዋላው ነው አሉ። ደጋኑን ባወረድኩ ቁጥር ግን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ባለ ጠመንጃው፦
ይህ ጥሩ መልስ ነው። ያንተን ያህል ለሚታገሥ ሰው ብቻ ይሠራል እንጂ።

ሐኪሟ፦
እንግዲያስ ትዕግሥትን ሕግ ያስገድድ። ጨርሶ ይከልከል ከሚለው አንድ እርምጃ ልቀርባችሁ እችላለሁ፤ ሦስት ነገር ከተቀበላችሁ። በየዓመቱ የሚታደስ የውርወራ ፈተና ይኑር። የቆሰለ የሚከታተል የሠለጠነ ውሻ ይገኝ። ዋናው ግን ይህ ነው፦ ፍላጻው ያገኘው ዋላ፣ ቢገኝም ባይገኝም፣ እንደ ታደነ ይቆጠር። ያቆሰለ አዳኝ ፈቃዱ እዚያው ያልቃል፤ ሌላ ዋላ ላይ አይወረውርም። ቀስተኛው ይህን ትቀበላለህ?

ቀስተኛው፦
ለመመለስ ሁለት ሰዓት ወሰደብኝ። ከላይ ሦስት ወቅት ባዶ እጄን ተመለስኩ ብያለሁ፤ ያላልኩት ነገር አለ። በመጀመሪያው ወቅት አንድ ወጣት ወንድ ወደ ትከሻው ከፍ አድርጌ መታሁ። ጥቂት ጠብታ አየሁ፤ ከአንድ ጅረት በኋላ ዱካው ጠፋ። ሁለት ቀን ፈለግሁ። ከሳምንት በኋላ ተመልሼ ማማው ላይ ወጣሁ፤ ፈቃዴ አላለቀም ነበርና ማንም አልከለከለኝም። አንቺ ያልሽው ሕግ ቢኖር ኖሮ ያ ወቅት ለእኔ እዚያው አብቅቶ ነበር።

እቀበላለሁ። ውሻውንም፣ ፈተናውንም፣ ሦስተኛውንም።

ሐኪሟ፦
ፍላጻውን አግኝተኸው ነበር?

ቀስተኛው፦
ግማሹን። ሌላው ግማሽ ከእርሱ ጋር ሄዷል።