የአሜሪካ እርዳታ ሲቀር ምን ቀረብን? የጅማ ልጆች ክርክር

የሒርማታው (አወያይ)፦ እንደምን አመሻችሁ። የዚህ ሳምንት መከራከሪያችን የአሜሪካ እርዳታ ነው። በኬኔዲ ዘመን በ1961 የተቋቋመው የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በጃንዋሪ 2025 ገንዘቡ ታገደ። በማርች ከፕሮግራሞቹ 83 ከመቶው መሰረዙ ተነገረ። ጁላይ 1 ላይ ጭራሹን ተዘግቶ የተረፈው ሥራ ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ተጠቃለለ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ፣ አለዚያ ይደባለቅብናል።) ይህ ለአፍሪካ ጉዳት ነው ወይስ ጥቅም? ማስረጃ ይዛችሁ ግቡ።

የፈረንጅ አራዳው፦ እኔ ጥቅም ነው ባይ ነኝ። የሚላክልን እህል በሕጋቸው መሠረት አብዛኛው ከአሜሪካ ገበሬ ተገዝቶ፣ ቢያንስ ግማሹ በአሜሪካ መርከብ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከእርዳታው ገንዘብ ብዙው ገና ጅቡቲ ሳይደርስ እዚያው አገራቸው ይቀራል። በጁን 2023 ደግሞ እህሉ ለሌላ ዋለ ብለው ለመላው አገሪቱ የሚሰጠውን ምግብ አቋረጡ፤ ለሁሉም የተመለሰው ዲሴምበር ላይ ነው። የሰረቀው ሌላ፣ የተራበው ሌላ! አጎዋም (የአፍሪካ ዕቃ አሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የሚገባበት ዕድል) እንዲሁ ነው። በጦርነቱ ምክንያት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ስንሰረዝ የተጎዱት ልብስ ሰፍተው የሚያድሩ ሴቶች ናቸው፤ እነሱ ጦርነት አላወጁም። የኛ ኢንዱስትሪ ፓርክ በዲሴምበር 2018 ሲመረቅ ስንት ወጣት ተስፋ እንዳደረገ ታስታውሳላችሁ። ሌላው ሲፈልግ ሰጥቶ ሲፈልግ በሚነሳው ነገር ላይ ኑሮ አይመሠረትም። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ስለ እህሉና ስለ አጎዋ ያልከውን አልቃወምም። መድኃኒቱን ግን ሳትነካው አለፍክ። በ2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም እና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ከሕመሙ 44 ከመቶ የሚሆነው ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ወባው እንዲህ ተነሥቶ ሳለ ነው ገንዘቡ የቆመው።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የወባ ፕሮግራም እዚህ ሥራ ሲጀምር ቅድሚያ የሰጠው ለኦሮሚያ ነበር። አጎበሩ፣ የቤት ለቤት ርጭቱ፣ ጣት ተወግቶ ቶሎ ውጤት የሚነግረው ምርመራ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ የእነሱ ገንዘብ አለ። ርጭት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። የወባው ወር መስከረም ላይ ነው የሚጀምረው፤ ክረምቱ ሳይወጣ ካልተረጨ ገንዘቡ በጥቅምት ቢለቀቅ ምን ይረባል? የኤችአይቪ መድኃኒትም በየቀኑ የሚዋጥ ነው። ሰው ሲያቋርጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፣ እያቋረጠ ሲጀምር ደግሞ መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል። በአሜሪካ ገንዘብ በጤና ሚኒስቴር በኩል ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5,000 ያህል ባለሙያዎች ውላቸው ተቋርጧል። ከቀጠሮ የቀረ ታካሚን ደውሎ፣ ቤቱ ሄዶ የሚመልሰው እንዲህ ያለ ሠራተኛ ነው። ራስን ስለ መቻል ስናወራ ይህንን ከፊታችን እናስቀምጠው።

የፈረንጅ አራዳው፦ እህቴ፣ የአሜሪካ የኤችአይቪ እርዳታ ፕሮግራም ፔፕፋር የተጀመረው በ2003 ነው። ከ20 ዓመት በላይ ሲሰጠን ቆይቶ የአንድ ወር መድኃኒት በራሳችን መግዛት ካቃተን ጥፋቱ የማን ነው? የአፍሪካ መሪዎች በ2001 አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታችን 15 ከመቶውን ለጤና እናውላለን ብለው ቃል ገቡ። አብዛኞቹ አልደረሱበትም። ለምን ይድረሱ? ሌላው ይከፍልላቸዋል።

ነርሷ፦ እዚህ ላይ አንድ ነን። ግን ቃሉን ያጠፈው ሚኒስትር ነው፣ ትኩሳቱን የምትሸከመው የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አንተ የምትለው ትምህርት ለሚኒስትሩ እንዲደርስ እሷ መታመም የለባትም።

የቆጪው፦ አሜሪካ ብትሄድ ቻይና አለች። ሰጥታ አታስተምርም፣ በፖለቲካችንም አትገባም። የአፍሪካ ኅብረትን ሕንጻ በ2012 ሠርታ በነጻ አስረክባለች።

የመርካቶው ነጋዴ፦ ሕንጻው ስጦታ ነው፣ ባቡሩ ግን ብድር ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 752 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከእኛ ድርሻ ወጪ 70 ከመቶ ያህሉ ከቻይና ኤግዚም ባንክ ተበደርነው። በ2016 ተመርቆ በ2018 የመክፈያውን ጊዜ ወደ 30 ዓመት አስረዝሙልን ብለን ለመንን። ይህን የምለው ቻይናን ለመውቀስ አይደለም፤ ባቡር ያስፈልገን ነበር። ብድርን እርዳታ እያልን አንጥራው፣ የሚከፍለው ልጄ ነው። እኔን ከቻይና በኩል ደስ ያሰኘኝ ሌላ ነገር ነው፦ ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ከድሃ አገሮች የሚገባውን ዕቃ ሁሉ ከቀረጥ ነጻ አድርጋለች። ለቡና ላኪ ከዚህ የተሻለ እርዳታ የለም። ገበያውን ክፈቱልን፣ በዋጋው ግዙን፣ የቀረውን እኛ እናውቅበታለን።

ጋሼ (የጅሬኑ፣ ጡረተኛ የእርሻ መምህር)፦ ልጆቼ፣ የምትከራከሩበት ነገር ማስረጃው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1949 ለድሃ አገሮች የሙያ እርዳታ እንሰጣለን ብለው ያወጁት ፖይንት ፎር ኢትዮጵያ ሲገባ በመጀመሪያ ሥራ ከጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ጅማ ነው። የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1952 ሲከፈት መምህራኑ የመጡት ከኦክላሆማ ነው። የዓለማያ ኮሌጅ ሕንጻው እስኪያልቅ የመጀመሪያ ተማሪዎቹ እዚሁ እኛ ዘንድ ነው የተማሩት። በ1968 የኦክላሆማዎቹ ውል አለቀና ሄዱ። ትምህርት ቤቱ ግን አልተዘጋም። ኮሌጅ ሆነ፣ በ1999 ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ጋር ተዋሕዶ ዛሬ የምታዩት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ለጽድቅ ብለው ነው አልልም። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ነበር፣ አስመራ ላይም ቃኘው የሚባለውን የጦር መገናኛ ጣቢያቸውን ይፈልጉት ነበር። ያም ሆኖ ሲሄዱ በቦታቸው የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ ነበረ። እኔ የተማርኩት ከእነዚያ ኢትዮጵያውያን ነው።

ቡናውንም እዩት። በ1971 የቡናውን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፈው ሲቢዲ የሚባል በሽታ አገራችን ሲገባ ገበሬው ዛፉን ነቅሎ ሊተው ደርሶ ነበር። እዚሁ ጅማ ያለው የመልኮ እርሻ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ኢሉባቦር ሄደው፣ በሽታው ከጨረሰው ቡና መሃል ሳይነካቸው የቆሙትን ዛፎች እየፈለጉ ዘር ሰበሰቡ። ዛሬ በየማሳው ያለው 74110 እና 74112 የሚባል የቡና ዝርያ ያኔ በ1974 የተመረጠ ነው፣ ቁጥሩም ከዚያ የመጣ ነው። በዚያ ምርምር የውጭ አገር ባለሙያም ገንዘብም ነበረበት። ዘሩ ግን የጫካችን ነው፣ ያባዛውም መልኮ ነው። ዋሽንግተን ላይ ማንም ቢፈርም 74110ን ከማሳችን አይነቅለውም። የወባውን ኬሚካል ግን በአንድ ፊርማ አስቀሩት። እርዳታን የምመዝነው በዚህ ነው፤ ሰጪው በሄደ ማግስት ማን ይሠራዋል?

የአጋሮው፦ ጋሼ እንዳሉት ነው። በእኛ በኩል የዱሮሚና ኅብረት ሥራ በ2010 ሲቋቋም ቴክኖሰርቭ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት በጌትስ ፋውንዴሽን ገንዘብ አሠልጥኖታል። መፈልፈያውን ግን በስጦታ አላገኙም፣ ተበድረው ገዙ። ከዚያ በፊት የአካባቢው ቡና በጀንፈል ደርቆ ጅማ 5 እየተባለ በርካሽ ነበር የሚሄደው። እሸቱን ሰብስበው ማጠብ ከጀመሩ በኋላ በ2012 በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጡ። ብድሩ በቡና ነው የተከፈለው። እርዳታ ሁሉ ያሰንፋል የሚል ካለ አጋሮ መጥቶ ይይ።

የፈረንጅ አራዳው፦ የጋሼን መመዘኛ እቀበላለሁ፣ አቋሜ ግን አልተለወጠም። እንዲህ ያለው እርዳታ ጥቂት ነው። ብዙው የሰጪውን ምርት የሚያራግፍ፣ የሰጪውን መርከብ የሚቀጥር ነው። እሱ በመቅረቱ አላዝንም።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ዘር አንዴ ከተተከለ ይቆያል። መድኃኒት በየዓመቱ ይገዛል፣ ስለዚህ በርስዎ መመዘኛ ሁልጊዜ ይወድቃል። ያ ማለት መጀመሪያም መሰጠት አልነበረበትም ማለት አይደለም፤ በእሱ በሕይወት የቆዩ ሰዎች ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ጥፋቱ ማን፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት እየጨመረ እንደሚረከበው ውሉ ላይ አለመጻፉ ነው።

ጋሼ፦ ልክ ነሽ ልጄ። መረከቢያው ከመጀመሪያው ቀን ይጻፍ። ኦክላሆማዎቹም የሠሩት በውል ነበር።

የሒርማታው (አወያይ)፦ ታዲያ ከዚህ ምን እናድርግ? እኔ የማስበው የዘንድሮው ርጭት በጀት በከተማው ምክር ቤት ይጠየቅ ነው።

የፈረንጅ አራዳው፦ እኔ እፈርማለሁ።

ነርሷ፦ ስትጠይቁ በጥቅሉ "ለወባ" አትበሉ፣ በጥቅል ይመልሱላችኋል። ኬሚካሉ ተገዝቷል ወይ? የረጪዎቹ አበልና የመኪናው ነዳጅ ከየት ነው? አጎበሩ መጨረሻ የታደለው መቼ ነው? መልሱ ደግሞ ከሐምሌ በፊት ይምጣ፤ ነሐሴ ላይ ቢመጣ ረጪ ለማሠልጠን እንኳ ጊዜ የለም።