የአባቴ ጉበት ደከመ ተባለ፣ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? አባቴ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሆዱም ውሃ ቋጥሯል። ማታ ማታ ደግሞ ይዘባርቃል። ትናንት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት ዝም ብሎ እጁን ሲያይ ነበር። መዳኛ አለው?

መልስ 1፦ አይዞሽ። መዘባረቁ እብደት አይደለም፤ ጉበቱ ማጣራት ያቃተው እንደ አሞኒያ ያለ መርዝ አንጎሉን እየነካው ሊሆን ይችላል። ላክቱሎስ የሚባል ሽሮፕ አለ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስለስ ያለ ሰገራ እንዲወጣው ተብሎ የሚሰጥ። እኔ ስወስደው እናቴ ተቅማጥ መስሏት ልታስቆመኝ ነበር! ሆዱ ለቋጠረው ውሃ ደግሞ ጨው መቀነስና የሚያሸና መድኃኒት ነው።

መልስ 2፦ መንስኤውን ጠይቁ። ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ ቫይረሱን የሚገታ ክኒን አለ። ሲብስ ግን የጉበት ንቅለ ተከላ ነው፤ ከጤነኛ ሰው ጉበት ከፊሉን ቆርጠው ይወስዳሉ፣ የሰጪው መልሶ ያድጋል።

መልስ 3፦ ደም ካስታወከ ወይም ካተኮሰው ሳታድሩ ሆስፒታል!